ፏፏቴውን የመረቅኩ ዕለት

ሰው ሲያረጅ ሥራ ይፈታል የሚሉት ውሸት ነው። እኔ ጎማ ስለጥፍ በኖርኩበት ዘመን እንኳ እንዲህ ፋታ አላጣሁም። አሁን ሥራዬ መመረቅ ነው። ማንም አልቀጠረኝም፤ የቀጠረኝ ጠጉሬ ነው። ጥቁር ሳለ “አንተ ጎሚስታ!” ይለኝ የነበረ ሁሉ፣ ነጭ ሲሆን “አባታችን” አለኝ። ሰርግ ቢደገስ፣ ሱቅ ቢከፈት፣ መኪና ቢገዛ “አባታችን ይመርቁን” ነው። ከነጩ ጠጉር ሥር ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ጎማም ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ የሚያፈስበት ቦታ የሚታወቀው ውኃ ውስጥ ሲነከር ነው። እኔን ደግሞ ነክሮ ያየኝ የለም።

ትምህርቴ ብዙ አይደለም። ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የቆጠርኩት ብሎን ነው። ምርቃቴም አንዲት ብቻ ናት። ለሙሽራውም ለባለሱቁም ያችኑ ነው የምሰጠው። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን ልጅ አዲስ መኪና ገዝቶ ይመርቁልኝ ቢለኝ፣ “ውለዱ፣ ክበዱ፣ ቤታችሁ በልጅ ይሙላ” ብዬ ጨረስኩ። የተሰበሰበው ሰው “አሜን!” አለ። ባለመኪናውም “አሜን!” አለ። የእኛ ሰው ደግ ነው፤ አሜን የሚለው ለዜማው እንጂ ለቃሉ አይደለም።

ይህን ያህል ከለፈለፍኩ ወደ ነገሬ ልግባ። ካልቸኮላችሁ ማለቴ ነው፤ እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም።

የምንኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ዕጣው የወጣልን ዕለት ባለቤቴ ዘነበች እልልታዋን ለቀቀችው። አራተኛ ፎቅ መሆኑ ሲነገራትም አላቋረጠችም፤ ያኔ ጉልበቷ ደህና ነበር። አሁን ጉልበቷ እሷን ማዘዝ ጀምሯል። በዚህ ላይ የሕንፃችን የውኃ ፓምፕ ተቃጠለ። ፓምፑ ከተቃጠለ ወዲህ ውኃው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይመጣና እንደ ደከመው እንግዳ እዚያው ይቀራል። እኛ የላይኞቹ ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን እየቀዳን እንወጣለን። ዘነበች ጀሪካኗን አንድ ደረጃ ላይ ታስቀምጥና ታርፋለች፣ ደግሞ አንድ ደረጃ። እኔ ከኋላዋ በወገቤ እያቃሰትኩ እከተላለሁ። ከታች ለሚያየን ንግሥ የወጣን እንመስላለን።

ልጃችን ይህን ባየ ጊዜ ቁርጡን ነገረን። “ውኃው ካልተስተካከለ ይህን ቤት አከራይተን እዚሁ ለሚ ኩራ ውስጥ ምድር ቤት ተከራይተን ትገባላችሁ” አለ። ዘነበች ደግሞ ሰድሩን በገዛ እጇ እየፈተገች ያስዋበችው ቤት ነው፤ “ከዚህ ቤት ስወጣ በእግሬ አይደለም” አለችው። ነገሩ እንግዲህ ይህ ነው፤ ወይ ፓምፑ ይሠራል፣ ወይ እኛ እንወጣለን።

ፓምፑን የሚያሠራው የነዋሪዎች ማህበሩ ቦርድ ነው። ሊቀመንበሩ አቶ ተካልኝ ይባላል፤ የሚኖረው አንደኛ ፎቅ ነው፣ ውኃ በማይጠፋበት። በሥራ ዘመኑ መምሪያ ይመራ ስለነበር እሁድ እንኳ ከረባት አይፈታም። ክፉ ሰው አይደለም። ሩቅ አሳቢ ነው። ሩቁን ሲያይ ቅርቡ ይጠፋዋል እንጂ። የሥልጣን ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ግን ጉባኤ በተጠራ ቁጥር “የጀመርነውን ዕቅድ ማን ላይ ጥለን እንሄዳለን?” ይላል፤ እኛም እውነትም ማን ላይ እንላለን፤ እንዲሁ ይቀጥላል።

ዘንድሮ ግን የሦስተኛና የአራተኛ ፎቅ ሰው ተማከረ። ወይዘሮ ለተብርሃን ትመረጥ አልን። መገናኛ አካባቢ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ያላት፣ ምላሷም እንደ ቧንቧ መፍቻ የሆነ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ናት። ቅስቀሳዋ አጭር ነበር፤ “እኔ ራዕይ የለኝም፣ ፓምፕ ግን አውቃለሁ።” አንዳንዱ “ፓምፑን ከራሷ ሱቅ ልትሸጥልን ነው” ብሎ አማት። ዘነበች “ትሽጥልን!” አለች፤ “ከፈለገች እኔንም ትሽጠኝ፣ ብቻ ውኃው ይውጣ።”

የጉባኤው ቀን ከቅዳሴ መልስ የጋራ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። የማህበሩ ጸሐፊ ቤዛ ቦሌ አንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ፈጣን ልጅ ናት፤ ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቅላ ምስል አበራችበት። አቶ ተካልኝ በዱላ እያመለከተ የአስር ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅዱን አስረዳን። መጀመሪያ ግንዛቤ ማስጨበጥ። ቀጥሎ ጥናት። ቀጥሎ የጥናቱ ግምገማ። ከዚያ የግቢው መካከል ላይ ፏፏቴ! በመጨረሻም “ስማርት ሕንፃ” የሚባል ነገር፤ እኔ እስከ ዛሬ የጂም ቤት ይመስለኛል።

ፏፏቴው በሥዕል ሲታይ ያምራል፤ መብራት ሁሉ አለው። ዕንባዬ ሊመጣ ነበር። ለተብርሃን ግን ተነሳች።

“አቶ ተካልኝ፣ ፓምፑ የትኛው ዓመት ላይ ነው ያለው? አጣሁት።”

“ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ፓምፕ ኦፕሬሽናል ጉዳይ ነው። ቦርድ የሚነጋገረው ስትራቴጂክ ጉዳይ ላይ ነው።”

“እንግዲያው ስትራቴጂውን በብርጭቆ ይቅዱልን፤ ጠምቶናል!”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ ተካልኝ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገና ዞር ሲል እኔን አየ። ዓይኑ በራ። “ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት” አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ “አባታችን አንድ ጊዜ ይመርቁን።”

እዚህ ላይ ነው ሞኝነቴ። “ምርቃት መጨረሻ ላይ ነው” ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር እኔ ራሴን አላውቅም። ጋቢዬን አስተካክዬ ተነሳሁ፤ እጄን ዘረጋሁ፤ ያች አንዲቱ ምርቃቴም መጣች።

“የጀመራችሁትን ለፍጻሜ ያብቃችሁ!”

“አሜን!”

“ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ!”

“አሜን!”

“የተቀመጣችሁበት ወንበር አይነቃነቅ!”

“አሜን!” ከሁሉ የበለጠው አሜን ከፊት ነበር የመጣው፤ አቶ ተካልኝ ዓይኑን ጨፍኖ።

እንደ ወትሮዬ “ውለዱ፣ ክበዱ” ብዬ ስጨርስ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ! ምርቃት ካለቀ በኋላ የሚቀመጥ ሰው የት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እግራችን እንደሆነ አእምሯችንን አያማክርም። ወንበር ተደራረበ፣ ጫማ ተንኳኳ፣ ልጅ ተጠራ። ለተብርሃን “ኧረ ምርጫው! ምርጫው ቀርቷል!” ብላ ጮኸች። አንድ አግዳሚ ወንበር የተሸከመ ሰው በበሩ ሲወጣ “ተይ እንጂ፣ በምርቃት ላይ ነገር አይጨመርም” ብሏት ሄደ። አዳራሹ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ አቶ ተካልኝ፣ ቤዛና ፏፏቴው ነበርን።

በማግስቱ ከደረጃው ሥር ቃለ ጉባኤ ተለጠፈ። ዘነበች መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፤ “ዕቅዱም ቦርዱም ባሉበት እንዲቀጥሉ ጉባኤው አሜን በማለት በሙሉ ድምፅ አጽድቋል።” መነጽሯን አወለቀችና እኔን አየችኝ።

“አንተ ሰውዬ፣ አንደበትህን ለተካልኝ ነው እንዴ ያከራየኸው?”

“ዘነቡ፣ እኔ እንደ ወትሮዬ…”

“ያዝ!” ብላ የእሷንም ጀሪካን ለእኔ ጨመረችልኝ። “የመረቅኸውን ተሸክመህ ውጣ።”

ያን ሰሞን ደረጃው ሲኦል ሆነብኝ። በየፎቁ ጀሪካን ይዞ የሚያርፍ ሰው አለ፤ ያረፈ ሁሉ ምላሱ አያርፍም። “ጋሼ፣ ወንበሩ አልተነቃነቀም፣ ወገቤ ግን ተነቃንቋል” ይለኛል አንዱ። ለተብርሃንማ “ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ እኔን ይርገሙኝ፤ የእርስዎ ምርቃት ለጠላት ይሁን” አለችኝ። ወደ ቤዛ ሄጄ “ልጄ፣ ያን ነገር ከጽሑፉ አውጪልኝ” ብዬ ለመንኩ።

“ጋሼ፣ ሚኒትስ እኮ ዲሊት አይደረግም። አቶ ተካልኝ ‘አሜን ድምፅ ነው፣ ጻፊ’ አሉኝ፣ ጻፍኩ። ፕሮሲጀሩ ነው።”

“ፕሮሲጀሩ ውኃ ያመጣል?”

“እሱን እንኳ እንጃ” አለችና አቀርቅራ ሳቀች። እሷም አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው።

ስለዚህ ከምንጩ ልጀምር ብዬ ለአቶ ተካልኝ ደወልኩ። ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ከዕቅዱ አማካሪ ጋር ነኝ፣ ይምጡ አለኝ። ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ካፌው ከመስተዋት የተሠራ ነው፤ በሩን ከግድግዳው መለየት አቅቶኝ ጥቂት ከመስተዋቱ ጋር ከተያየሁ በኋላ አንድ አስተናጋጅ አስገባችኝ። አማካሪው ሱሪው እግሩ ላይ የተሰፋ የሚመስል ወጣት ነው። አክብሮ ተነሳልኝ።

“አባባ፣ ስለ እርስዎ ሰምቻለሁ። እርስዎ ኪይ ስቴክሆልደር ነዎት።”

“የለም ልጄ፣ እኔ ጎሚስታ ነበርኩ።”

“በጣም ጥሩ! ከታች ያለ ልምድ ነው የሚያስፈልገን።”

“አሁን ያለሁት አራተኛ ፎቅ ነው” አልኩት። ይህንንም ጻፈው።

ማኪያቶ መጣልኝ፤ አረፋው ላይ ልብ ተሥሎበታል። በልብ ላይ ስኳር መጨመር ከበደኝ። ቢሆንም ወደ አቶ ተካልኝ ዞሬ፣ “ልጄ፣ ያን ምርቃቴን ልመልሰው ነው የመጣሁት” አልኩ።

አቶ ተካልኝ ደነገጠ። “አባታችን! ምርቃት ይመለሳል እንዴ? ምርቃቱን የሚያነሳ እኮ ረገመ ማለት ነው። ይረግሙናል?”

“እግዜር ይጠብቀኝ! እኔ ሰው ረግሜ አላውቅም።”

“እንግዲያው አለቀ።” ከቦርሳው ውስጥ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ አወጣና በሁለት እጁ አጠለቀልኝ። “ከዛሬ ጀምሮ የማህበራችን የበላይ ጠባቂ ነዎት።”

“ከቦርዱም በላይ ነው?”

“ከቦርዱም በላይ።”

“ውኃ እዚያ ድረስ ይመጣል?”

አማካሪው ሳቀና ይህን ግን አልጻፈውም።

ምን ላድርግ? ምርቃቴን ልመልስ ሄጄ ሹመት ይዤ ተመለስኩ። ዘነበች በር ላይ መታወቂያውን ገልብጣ አየችው።

“ይህ ደግሞ ምንድን ነው?”

“የበላይ ጠባቂ ሆኛለሁ።”

“ምኑን ነው የምትጠብቀው?”

“እሱን አልነገሩኝም።”

“እንግዲያው እኔ ልንገርህ። ፏፏቴው የሚቆመው የግቢው ቧንቧ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ቧንቧው ቅዳሜ ይነቀላል፣ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፣ አንተም ትመርቃለህ። ልጅህ ሰምቶ ‘ዕቃችሁን ማሰር ጀምሩ’ ብሎኛል።” ይህን ብላ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። የዕቃ መደርደሪያውን ከፍታ የሸክላ ሳህኖቿን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ድንኳን ተተከለበት። ለስላሳ መጣ፣ ቆሎ መጣ፣ ጥብጣብ ተወጠረ። ለስላሳ ባለበት የማይመጣ ነዋሪ የለምና ለጉባኤ ፊቱን አይተነው የማናውቀው ሰው ሁሉ ወርዷል። ድንጋዩ ላይ የአቶ ተካልኝ ስም ከነማዕረጉ ተቀርጿል። አጠገቡ ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ከጉድጓዱ አጠገብ ደግሞ ሊነቀል የተፈረደበት ቧንቧችን ቆሟል፤ ዘነበች የመጨረሻዋን ጀሪካን ቀድታ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣለች።

አቶ ተካልኝ ብዙ ተናገረ፤ አማካሪው ጥቂት ተናገረ፤ ጭብጨባ ሆነ። “እንግዲህ የበላይ ጠባቂያችን ይመርቁና እንጨርሳለን!”

ተነሳሁ። እጄን ዘረጋሁ። አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ዘነበች ላይ አረፈ፤ እሷ አላየችኝም፣ ጉልበቷን እያሸች ነበር። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ምንም አልወጣም።

“አልመጣልኝም” አልኩ።

አቶ ተካልኝ ጠጋ ብሎ ሹክ አለኝ፤ “አባታችን፣ ያችን የተለመደችዋን።”

“እሷም አልመጣችም።”

እኔ ሰው ይስቅብኛል፣ ይበተናል ብዬ ነበር። ማንም አልተነቃነቀም! አንዱ የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ነበር፤ መልሶ ኪሱ ከተተው። አንዲት የሁለተኛ ፎቅ ሴትዮ “ኧረ ጋሼ፣ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት፣ ይመርቁንና ልሂድ!” አለች።

“ሂጂ ልጄ፣ እሳቱን ቀንሰሽ ነይ።”

“ሳልመረቅ?” አለችኝ፣ ራቁትሽን ሂጂ ያልኳት ይመስል።

አማካሪው “ቴክኒካሊ መሄድ ይቻላል” ብሎ ብድግ ሲል እናቶች ሁሉ አዩት። ቁጭ አለ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ምርቃቴ ሰውን እንደሚበትን ሁሉ፣ ዝምታዬ ደግሞ ሰውን አስሮ ይይዛል ለካ! በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሥልጣን ይዤ አላውቅም፤ መታወቂያው ውሸት አልነበረም ማለት ነው። ቀስ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ፤ መቀመጫ ሲጠፋ የመሠረት ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

“አባታችን፣ እሱ ላይ…!” አለ አቶ ተካልኝ።

“ቆይ ልጄ፣ አረፍ ልበልና ምናልባት ይመጣልኝ እንደሆነ።”

ፀሐዩ ከረረ። ለስላሳው አለቀ። ለተብርሃን እኔን አየች፣ ሕዝቡን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። ዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ። “እንግዲህ ጋሼ እስኪመጣላቸው በባዶ ከምንቀመጥ” አለች፣ “ያን የቀረውን ምርጫ ለምን አንጨርሰውም?”

“ይህ የመሠረት ድንጋይ ፕሮግራም ነው እንጂ ጉባኤ አይደለም!” አለ አቶ ተካልኝ።

ሁሉም ወደ ቤዛ ዞረ። ቤዛ በጣቷ እየጠቆመች ሰዉን ቆጠረች። “ኮረም ሞልቷል። እንዲያውም ጉባኤ ጠርተን እንዲህ ሞልቶልን አያውቅም። ደንቡ ደግሞ ከግማሽ በላይ አባል ካለና ከጠየቀ ይፈቅዳል።” ከዚያ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ “አቶ ተካልኝ፣ ያኔ አሜንን ድምፅ ብለው አስጽፈውኛል። ዛሬ ድምፅን ድምፅ ብዬ ብጽፍ ይከፋዎታል?” አለች።

ለተብርሃንን የሚደግፍ ተብሎ እጅ ወጣ። ባለድስቷ ሴትዮ ሁለቱንም እጇን አወጣች።

“አንድ እጅ ብቻ ነው እትዬ!” አለች ቤዛ።

“እያረረብኝ ነው እኮ! ሁለቱንም ቁጠሩልኝና ልሂድ!”

አቶ ተካልኝን የሚደግፍ ሲባል የአማካሪው እጅ ወጣ። ነዋሪ አይደለህም ተብሎ ወረደ። አንድ ሁለት የአንደኛ ፎቅ ሰዎች እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ ጎረቤቶቻቸው ቢያዩአቸው፣ ነገሩ ጭንቅላት ማከክ ሆነ።

አለቀ። አቶ ተካልኝ ከረባቱን አላላና አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ያለ ከረባት አንገቱ ቀጭን ነው፤ አዘንኩለት። “ፏፏቴው ግን ያምር ነበር” አለኝ ቀስ ብሎ።

“ያምራል ልጄ። እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ሰው ሳይጠጣ ድንጋይ አይጠጣም።”

ተነሳሁ፤ ምርቃቴም ያለ ምንም ችግር መጣች። ስለ ወንበር የምትለዋን ብቻ ዘለልኳት። ሕዝቡ “አሜን!” ብሎ ሳይጨርስ ግቢው ባዶ ሆነ፤ ባለድስቷ ደረጃውን ስትወጣ ነጠላዋ ብቻ ነበር የሚታየው።

ለተብርሃን ፓምፑን አመጣች፤ አዎ፣ ከራሷ ሱቅ። የተተከለ ዕለት የእኛ ቧንቧ መጀመሪያ እንደ እኔ እህ እህ ብሎ ሳለ፣ ቀጥሎ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ መጣ። ዘነበች እጇን ሥሩ ዘርግታ ብዙ ቆየች። ልጃችን ስለ ቤቱ ኪራይ ሊነጋገር ሲደውል ምንም አልመለሰችለትም፤ ስልኩን ወደ ቧንቧው አስጠግታ አሰማችው። ማታውን ሳህኖቿን ከጋዜጣው ፈታች።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት ለተብርሃን አንድ ዘንቢል ብርቱካን ይዛ መጣች። ዘነበች ዘንቢሉን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። ለተብርሃን ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

“ጋሼ፣ ለሚቀጥለው ጉባኤ ትንሽ ሐሳብ ነበረችኝ። የቧንቧው መስመር በሙሉ ይቀየር እያልኩ ነው። ረጅም ዕቅድ ነው። የሥራ ዘመኔም በዚያው ትንሽ ረዘም ቢል…”

“እ?”

“እና ምርቃቱን ከድምፁ ቀደም ቢያደርጉልኝ?”

ደነገጥኩ። በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ዓይነት ሰው እንደሚቀመጥ አውቅ ነበር፤ ወንበሩ ሁለቱንም አንድ ዓይነት እንደሚያደርጋቸው ግን አላወቅኩም። “ልጄ” አልኳት፣ “ከእንግዲህ አፌ የሚከፈተው እጅ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ነው። ብርቱካንሽንም ይዘሽ ሂጂ።” ወደ ጓዳም ጮክ ብዬ፣ “ዘነበች! የሰው ብርቱካን መልሺ!” አልኩ።

ከጓዳ የብርቱካን ሽታ ይመጣል። ቧንቧው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይንፏፏል።

“ምን አልክ? ውኃው አያሰማኝም!” አለች።

ውኃ ከመጣ ወዲህ ዘነበች የማትፈልገውን ነገር አትሰማም።